100,000 ሰዓት ማለት 11 ዓመት አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «በተቋማችን 24 ቋሚ የጋማ ጨረር መለኪያዎች አሉ። ሁሉም የጋይገር-ሙለር ቱቦ (ጨረር ሲመታው የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጥ ቱቦ) ያላቸው ናቸው። ከአንድ መቆጣጠሪያ ክፍል ጋር ተገናኝተዋል። የአምራቹ ሰነድ ኤምቲቢኤፍ 100,000 ሰዓት ይላል። አለቃዬ ‹ይህ ከ11 ዓመት በላይ ነው፤ እስከዚያ ከዓመታዊው ካሊብሬሽን (የንባብ ትክክለኛነት ማረጋገጫ) ውጭ አትነካኳቸው› ይላሉ። ግን በ5 ዓመት ውስጥ 7 ተበላሹብን። አራቱ የፓወር ሰፕላይ፣ ሁለቱ የኬብልና የኮኔክተር ችግር ነበሩ። ሰባተኛው ግን ስክሪኑ ላይ 0.12 ማይክሮሲቨርት በሰዓት፣ ማለትም ተራውን የተፈጥሮ ጨረር መጠን፣ እያሳየ ነበር። መሞቱ የታወቀው ለካሊብሬሽን ሲወርድ ነው። አምራቹ ዋሽቶናል? ጨረሩ ኤሌክትሮኒክሱን እየበላው ከሆነ፣ ጨረር የሚቋቋሙ ቺፖች ያሉት ሞዴል እንግዛ? ወይስ በየቦታው ሁለተኛ ተመሳሳይ መለኪያ እንጨምር?»

አምራቹ አልዋሸም። አለቃዎ ግን ቁጥሩን በተሳሳተ መንገድ ተረድተውታል። ሁለቱም የግዢ ሐሳቦች ደግሞ ዋናውን ችግር አይነኩትም። አንድ በአንድ እንሂድ።

ኤምቲቢኤፍ በሁለት ብልሽቶች መካከል ያለ አማካይ ጊዜ ነው። የአንድ ዕቃ ዕድሜ አይደለም። በ30ዎቹ ዕድሜ ካሉ 1,000 ሰዎች መካከል በዓመት አንድ ሰው ይሞታል እንበል። በዚህ ስሌት የእነዚህ ሰዎች ኤምቲቢኤፍ 1,000 ዓመት ነው። 1,000 ዓመት የሚኖር ሰው ግን የለም። ቁጥሩ የሚነግረን በጎልማሳነት ዘመን በየዓመቱ ያለውን አደጋ ብቻ ነው። እርጅና መቼ እንደሚመጣ አይነግረንም። የመለኪያዎ ሰነድም እንደዚሁ ነው።

በእርስዎ መዝገብ ላይ እናስላው። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። 24 መለኪያዎች በ5 ዓመት በድምሩ 1,051,200 ሰዓት ሠርተዋል። ይህን ለ100,000 ሲያካፍሉት 10.5 ብልሽት ይጠበቃል ማለት ነው። እርስዎ ያዩት 7 ነው። ስለዚህ ዕቃው ከወረቀቱ የተሻለ እንጂ የባሰ አይደለም። በእጅዎ ያለው ኤምቲቢኤፍ ወደ 150,000 ሰዓት ይጠጋል። በዚህም ብዙ አይደሰቱ። 7 ብልሽት ትንሽ መረጃ ነው። በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ ሲሰላ ክልሉ ከ73,000 እስከ 374,000 ሰዓት ይዘረጋል። በዚህ ስፋት ላይ ቆሞ «የእኛ ከእነሱ ይበልጣል» ማለት አይቻልም።

የብልሽቱ ፍጥነት በዘመኑ ሁሉ አይለወጥም ብለን ብንቀበል እንኳ፣ አንድ መለኪያ ኤምቲቢኤፉን እስኪሞላ ድረስ ሳይበላሽ የመቆየት ዕድሉ 37 በመቶ ብቻ ነው። ከ24ቱ መለኪያዎች ከ11 ዓመት ከ5 ወር በኋላ አንድም ጊዜ ሳይበላሹ የሚገኙት 9 ገደማ ይሆናሉ። «እስከዚያ አትነካኳቸው» የሚለው ምክር የሚያመራው ወደዚህ ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣም ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚሰላው ከመመሪያ መጽሐፍ ነው። የታወቀው የአሜሪካ ጦር መመሪያ ሚል-ኤችዲቢኬ-217 ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ማሻሻያ በኋላ በቅጡ አልታደሰም፤ ዛሬም ግን ሰዎች ይጠቀሙበታል። ስሌቱ የእያንዳንዱን ሬዚስተር፣ የእያንዳንዱን ቺፕ የብልሽት ፍጥነት ደምሮ ድምሩን ይገለብጣል። ኮኔክተር ውስጥ የገባ ውኃ የለበትም። የሶፍትዌር ስህተት የለበትም። ኬብሉን በመሰላል የጨፈለቀ ሠራተኛም የለበትም። ሁለት ዲዛይኖችን ለማወዳደር ይጠቅማል። የጥገና ፕሮግራም ለማውጣት ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከሰባቱ ብልሽቶች ስድስቱ ይህን ያህል አያስጨንቁኝም። ፓወር ሰፕላዩ ሲሞት ስክሪኑ ጠፋ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ አወቀ፣ ሰው ሄዶ ቀየረው። አሰልቺ ነው፣ ወጪ አለው፤ ማንንም ግን ለጨረር አያጋልጥም። ሰባተኛው ሌላ ነው። እሱ በሞተበት ክፍል ውስጥ የጨረር ምንጭ ተጋልጦ ቢሆን ኖሮ፣ ስክሪኑ 0.12 እያለ ሰዎች ይገቡ ነበር። መለኪያ ባይኖር ኖሮ ቢያንስ በእጅ መለኪያ ይዘው ይገቡ ነበር። በዚህ ሙያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት ጊዜ ይበላሻል?» ሳይሆን «ሲበላሽ በስንት ጊዜ ውስጥ እናውቃለን?» ነው።

ይህም ይሰላል። ዝም ብሎ የመሞት ብልሽት በ1,051,200 ሰዓት አንድ ጊዜ ደርሶብዎታል። በአንድ ክስተት ላይ የቆመ ግምት ስለሆነ እውነተኛው ፍጥነት ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ለጊዜው ግን እንውሰደው። እንዲህ ያለ ብልሽት በሁለት ፍተሻዎች መካከል በየትኛውም ቅጽበት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በአማካይ የፍተሻውን ዘመን ግማሽ ያህል ሳይታወቅ ይቆያል። ፍተሻው በዓመት አንዴ ከሆነ ግማሹ 4,380 ሰዓት ነው። 4,380ን ለ1,051,200 ያካፍሉት። 0.0042 ይመጣል። በማንኛውም ቀን አንድ መለኪያ ዝም ብሎ ሞቶ የመገኘቱ ዕድል 0.4 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። ለአንድ መለኪያ ትንሽ ይመስላል። ለ24ቱ ሲሆን ግን ወደ 10 በመቶ ይደርሳል። የትኛውንም ቀን ቢመርጡ፣ በተቋሙ ውስጥ ሞቶ ሳለ እንደ ሕያው የሚታመን መለኪያ የመኖሩ ዕድል ከአሥር አንድ ነው።

ፍተሻውን በየወሩ ያድርጉት። ዕድሉ 12 ጊዜ ይቀንሳል። ለ24ቱ ተደምሮ ከ1 በመቶ በታች ይሆናል። በምትኩ ኤምቲቢኤፉ እጥፍ የሆነ ውድ ሞዴል ቢገዙስ? ዕድሉ በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው። አለቃዎን ለማሳመን ከዚህ የተሻለ ሒሳብ የለም፤ ርካሹ መንገድ ስድስት እጥፍ ይበልጣል።

«ፍተሻ» ስል ግን ፊት ለፊቱ ላይ ያለውን የቴስት ቁልፍ መጫን ማለቴ አይደለም። በብዙ ሞዴሎች ያ ቁልፍ የሚፈትነው መብራቱንና ደወሉን ነው። ቢበዛ በኤሌክትሮኒክሱ ውስጥ የውሸት ፐልስ (የኤሌክትሪክ ምት) ይልካል። ዲቴክተሩን (ጨረሩን የሚይዘውን ቱቦ)፣ ከፍተኛ ቮልቴጁን፣ ኬብሉን አይነካም። በአሜሪካው የኑክሌር ማመንጫ፣ በስሪ ማይል አይላንድ፣ መጋቢት 1979 እ.ኤ.አ. የሆነውን ያስታውሱ። በመቆጣጠሪያው ላይ ያለው መብራት ቫልቩ እንደተዘጋ ያሳይ ነበር። በእርግጥ ግን መብራቱ የሚያሳየው የቫልቩን ሁኔታ ሳይሆን የተላከለትን ትዕዛዝ ነበር። ቫልቩ ክፍት ሆኖ ከ2 ሰዓት በላይ ውኃ አፈሰሰ። የቴስት ቁልፍም ተመሳሳይ ወጥመድ ነው። እውነተኛ ፍተሻ ማለት ትንሽ መፈተሻ ምንጭ ዲቴክተሩ ፊት አስቀምጦ፣ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ የሚጠበቀው ቁጥር መምጣቱን ማየት ነው። ከጨረር እስከ ሰው ዓይን ያለው ሰንሰለት በሙሉ መፈተን አለበት።

ለመሆኑ የሞተ መለኪያ እንዴት 0.12 ያሳያል? ከዚህ ሆኜ የእርስዎን ዕቃ መክፈት አልችልም፤ የተለመዱት መንገዶች ግን ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ይቆማል፣ ስክሪኑና የውጤት ገመዱ ላይ የመጨረሻው ቁጥር እንዳለ ይቀራል። ሁለተኛው፣ መለኪያውና መቆጣጠሪያ ክፍሉ ግንኙነት ይቋረጣል፣ ሶፍትዌሩም ባዶ ከማሳየት ይልቅ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ይህ የዲዛይን ጥፋት ነው፤ ያለ ይቅርታ መስተካከል አለበት። ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። ቱቦው ሞቷል፣ ነገር ግን በእርጥብ አቧራ የተሸፈነ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማገናኛ ትናንሽ ብልጭታዎች ይፈጥራል። ኤሌክትሮኒክሱ ብልጭታዎቹን እንደ ጨረር ይቆጥራል። ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሰው ያምናል።

እነዚህን ለመለየት ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። የተፈጥሮ ጨረር ራሱ ፈታኝ ነው። ጨረር በዘፈቀደ ነው የሚመጣው፤ ቆጠራውም የፖይሰንን ሕግ፣ ማለትም የዘፈቀደ ክስተቶች ቆጠራ የሚዋዥቅበትን ሕግ፣ ይከተላል። በደቂቃ በአማካይ 20 የሚቆጥር ቱቦ አንዱን ደቂቃ 14፣ ሌላውን 25 ቢቆጥር ጤነኛ ነው። 95 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ደቂቃዎች ከ11 እስከ 29 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። የ60 ደቂቃ ቆጠራ ይውሰዱ። ቫሪያንሱን (ቆጠራዎቹ ከአማካዩ የሚርቁበትን ልዩነት ካሬ አማካይ) ለአማካዩ ያካፍሉ። ጤነኛ ዲቴክተር ወደ 1 የሚጠጋ ቁጥር ይሰጣል፤ ከ0.6 እስከ 1.4 ያለው አያሳስብም። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ከሆነ ቁጥሩ ደርቋል፣ ወይም ከመብራት መስመሩ የሚመጣ መደበኛ ምት እየቆጠሩ ነው። 3፣ 5፣ 10 ከሆነ ደግሞ ቆጠራው በጅምላ እየመጣ ነው። ይህ የብልጭታ ወይም የላላ ኮኔክተር ምልክት ነው። በሶፍትዌር ጥቂት መስመር ነው። ለምን ሁሉም አምራች እንደማያስገባው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስሌቱን በስክሪኑ ቁጥር ላይ አይሥሩት። የስክሪኑ ቁጥር ተለሳልሶ ስለሚወጣ መዋዠቁ ይጠፋል፤ ጥሬው የደቂቃ ቆጠራ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከቤት ውጭ ያለ መለኪያ ዝናብ ሲዘንብ ለሰዓታት ከፍ ይላል። ዝናቡ ከአየር ላይ የራዶንን ልጆች (የራዶን ጋዝ ሲፈራርስ የሚተኩትን ጨረር አመንጪዎች)፣ በተለይ ሊድ-214ንና ቢስሙዝ-214ን፣ አጥቦ ያወርዳል። የሁለቱ ግማሽ ዕድሜ 27 እና 20 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ይበርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም።

ከዚህ የሚቀለው ደግሞ የዝቅተኛ ቆጠራ ማንቂያ ነው። በደቂቃ በአማካይ 20 የሚቆጥር ቱቦ አንድ ሙሉ ደቂቃ ዜሮ የሚሆንበት ዕድል ከ100 ሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ዜሮ ከሆነ ሞቷል ብለው በድፍረት ይጩሁ። ለከፍተኛ ጨረር የተሠሩት ትናንሽ ቱቦዎች ጋ ግን አይሠራም። በደቂቃ 1 ብቻ የሚቆጥር ቱቦ ከሦስት ደቂቃ በአንዱ በላይ ዜሮ ይሆናል። ለእንደዚህ ያለው 15 ወይም 20 ደቂቃ መጠበቅ፣ አለዚያም ዲቴክተሩ አጠገብ ሁልጊዜ የሚቆይ ደካማ ምንጭ መግጠም ያስፈልጋል። ምንጩ እንደማንኛውም ምንጭ መመዝገብና መቆጠር እንዳለበት አይዘንጉ።

ስለ ላይኛው ጫፍም አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ይረሳዋል። የጋይገር-ሙለር ቱቦ ከእያንዳንዱ ቆጠራ በኋላ 100 ማይክሮሰከንድ ለሚያህል ጊዜ ይደነዝዛል። ጨረሩ በጣም ሲበረታ ከድንዛዜው አይወጣም። ኤሌክትሮኒክሱ በአግባቡ ካልተሠራ ንባቡ ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ወደ ታች ይመለሳል። ገዳይ በሆነ ቦታ ላይ ቆሞ ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል። ለቋሚ መለኪያዎች የወጣው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) 60532 መስፈርት መለኪያው ከክልሉ በላይ ሲጋለጥ የሚያሳየውን ባሕርይ የሚመለከተው ለዚህ ነው። ጫፍ ላይ ተጣብቆ መቆየት፣ «ከክልል በላይ» ብሎ መጮህ አለበት። ጫፉን እንደ ንባብ መውሰድም ሌላ ጥፋት ነው። በቼርኖቤል ሚያዝያ 1986 እ.ኤ.አ. በእጅ የነበሩት መለኪያዎች የመጨረሻ ጫፋቸው በሰዓት 3.6 ሮንትገን (የቀድሞ የጨረር መለኪያ አሃድ) ነበር። መርፌው እዚያ ደርሶ ቆመ። ቁጥሩ እንደ ትክክለኛ ልኬት ተወስዶ ወደ ላይ ተላለፈ። በቦታው የነበረው ግን በሺዎች የሚቆጠር ሮንትገን በሰዓት ነበር።

ወደ ቺፖቹ እንምጣ። ጨረር ኤሌክትሮኒክስን ይጎዳል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ስንት? 0.12 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ባለበት ቦታ የዓመቱ ድምር 1 ሚሊግሬይ ገደማ ነው (ግሬይ ዕቃ የሚቀበለው የጨረር መጠን መለኪያ ነው፤ ለጋማ ጨረር ከሲቨርት ጋር ይቀራረባል)። ተራ የገበያ ቺፕ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ግሬይዎች እስከ መቶዎች ይችላል። 50 ግሬይ ላይ ይሞታል ብንል፣ እዚያ ለመድረስ 50,000 ዓመት ይፈጃል። ጉዳዩ በቁም ነገር የሚነሳው ጨረሩ ሳያቋርጥ 1 ሚሊግሬይ በሰዓት አካባቢ ሲሆን ነው። ያኔ 50 ግሬይ 6 ዓመት ሳይሞላ ይደርሳል። በሰዓት 1 ግሬይ ባለበት የሥራ ክፍል ደግሞ በሁለት ቀን ያልቃል። እዚያም ቢሆን የመጀመሪያው መፍትሔ ውድ ቺፕ አይደለም። ዲቴክተሩን ውስጥ ትቶ ኤሌክትሮኒክሱን በረጅም ኬብል ከግድግዳው ጀርባ ማውጣት ነው። አክሰለሬተር (የቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያ) አጠገብ ከሆኑ ኒውትሮን የሜሞሪ ቢት ሊገለብጥ ይችላል። ለዚያ ስህተት የሚያርም ሜሞሪና ሲቆም ራሱ የሚያስነሳ ዋችዶግ ይበቃል። የእርስዎ ቢሮዎችና ኮሪደሮች ግን እዚህ ውስጥ አይገቡም። ይህን ግዢ ይተዉት።

መለኪያዎችዎን የሚበላው ሙቀት፣ እርጥበትና ኮኔክተር ነው። ከሰባቱ አራቱ ፓወር ሰፕላይ መሆናቸው አልገረመኝም። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ነው። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት ተብሎ የተሸጠ ካፓሲተር፣ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። 65 ዲግሪ ላይ 32,000 ሰዓት ይሰጣል፤ ይህ ከ4 ዓመት ያነሰ ነው። 45 ዲግሪ ላይ ግን 128,000 ሰዓት፣ ማለትም ከ14 ዓመት በላይ ይሄዳል። በታሸገ ሣጥን ውስጥ ከትራንስፎርመር ጎን የተተከለ ካፓሲተር በቀላሉ 65 ይደርሳል። እዚህ ላይ ነው ኤምቲቢኤፉ እርጅናን አይናገርም ያልኩት። መለኪያዎችዎ 5 ዓመት ሞልቷቸዋል። የቀሩት 20 አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች በተከታታይ መውደቅ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ሳይወድቁ በፊት ይቀይሯቸው። በ105 ዲግሪ 5,000 ሰዓት የሚል ካፓሲተር ያለው ይምረጡ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለውንም ሙቀት ይለኩ።

ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት ክፍል ጋ ደግሞ ንጽሕና ዋና ነገር ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት በትንሽ ርቀት ላይ ሲቆም፣ የጣት አሻራ ወይም የብየዳ ቅሪት ይበቃዋል። በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ፣ በደንብ ያድርቁ፣ እርጥበት የሚከለክል ሽፋን ይቀቡ። ሣጥኑን ከመክፈትዎ በፊት ኃይሉን ያጥፉ። የከፍተኛ ቮልቴጅ ካፓሲተሩ በሚመከረው መንገድ ቻርጁን እስኪለቅ ይጠብቁ፤ ጠፍቶም ይመታል። የመጠባበቂያ ባትሪውንም በቮልቴጅ ብቻ አይመኑት፤ ጭነት አስይዘው ምን ያህል እንደሚቆይ ይሞክሩት። በጃፓን ፉኩሺማ መጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. በክፍለ ሀገሩ ከነበሩት 24 ቋሚ የጨረር ጣቢያዎች 23ቱ በጣም በሚፈለጉበት ቀን ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። ኃይልና የመገናኛ መስመር የመለኪያው አካል ናቸው።

ሁለተኛ ተመሳሳይ መለኪያ ስለመጨመር፦ በወረቀት ላይ ያምራል። የአንዱ ዝም ብሎ የመሞት ዕድል 0.0042 ከሆነ፣ ሁለቱም አብረው የመሞት ዕድል ከ100,000 ወደ 2 ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ግን የአንዱ ሞት ከሌላው ጋር ምንም የማይገናኝ ከሆነ ነው። ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ሶፍትዌር፣ አንድ ሶኬት፣ አንድ የኬብል መንገድ፣ ያው እርጥበት፣ ካሊብሬት የሚያደርጋቸውም ያው ሰው ከሆነ አብረው ይሞታሉ። ከብልሽቶቹ አሥር በመቶው የጋራ ምክንያት አለው ብንል፣ ውጤቱ 0.0004 ላይ ይቆማል። ከወረቀቱ 20 እጥፍ ገደማ የባሰ ነው። ሁለተኛ መለኪያ ከጨመሩ የተለየ ይሁን። አንዱ ጋይገር ከሆነ ሌላው አዮናይዜሽን ቻምበር (ምት ሳይቆጥር ጨረሩ የሚፈጥረውን ከረንት የሚለካ)፣ አንዱ ከዋናው መስመር ከሆነ ሌላው ከሌላ መስመር፣ ኬብላቸውም በተለያየ መንገድ ይሂድ። ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እንደሚታመንም አስቀድሞ ይጻፍ። መልሱ ሁልጊዜ ከፍ ያለው ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም።

ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ኅዳር 1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ኢንዲያና በምትባል ከተማ በአንድ የካንሰር ሕክምና ማዕከል ውስጥ ለሕክምና የሚያገለግል የኢሪዲየም-192 የጨረር ምንጭ ከሽቦው ተቆርጦ ታካሚዋ ሰውነት ውስጥ ቀረ። ግድግዳው ላይ የነበረው የጨረር መለኪያ በትክክል ሠርቷል። ጮኋል። የሕክምና መሣሪያው ስክሪን ግን ምንጩ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ያሳይ ነበር። ሠራተኞቹ ስክሪኑን አመኑ፣ መለኪያው እንደተበላሸ ቆጠሩት። በእጅ መለኪያ ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። ታካሚዋ በቀናት ውስጥ ሞተች። መለኪያው ሠርቶም ያልታመነበት ጉዳይ ነው። ያለ ምክንያት የሚጮህ መለኪያ ሰውን ቀስ በቀስ ጆሮውን እንዲደፍን ያስተምረዋል፤ በውጤቱ ዝም ካለው አይሻልም።

ስለዚህ የማንቂያ ደረጃውን ለተፈጥሮ ጨረሩ አጠጋግተው አይተክሉት። 24 መለኪያዎች በየደቂቃው ሲወስኑ በቀን 34,560 ውሳኔ ነው። ደረጃው ከአማካዩ በ3 ሲግማ (የተለመደው መዋዠቅ ሦስት እጥፍ) ብቻ ከራቀ፣ በተራ የዘፈቀደ መዋዠቅ ብቻ በቀን 47 ያህል የሐሰት ጩኸት ይጠብቅዎታል። በ5 ሲግማ ከራቀ ወደ 100 ቀን አንድ ጊዜ ይወርዳል። ቆጠራው አነስተኛ ሲሆን ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበዛ ይችላል፤ ስለዚህ ትንሽ ጨምረው ያርቁት፣ ወይም ሁለት ተከታታይ ደቂቃ ይጠይቁ። ጨረር ሲበረታ በር የሚቆልፈው መለኪያ ላይ ግን ማዘግየት የለም። ቁልፉ ወዲያው ይሥራ።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ጨረር የሚቋቋም ሞዴል አይግዙ። 24 ተጨማሪ መለኪያም አይግዙ። በመጀመሪያ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሶፍትዌር ግንኙነት ሲቋረጥ ቁጥሩን አጥፍቶ እንዲጮህ ያስተካክሉ። የዝቅተኛ ቆጠራ ማንቂያውንና የቫሪያንሱን ስሌት በዚያው ያስገቡ። ይህን አንድ ፕሮግራመር ሊጨርሰው ይችላል። ከዚያ በየወሩ በመፈተሻ ምንጭ እስከ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ድረስ ይፈትኑ። አሮጌዎቹን ፓወር ሰፕላዮችና ባትሪዎች በፕሮግራም ይቀይሩ። ሁለተኛ፣ ዓይነቱ የተለየ መለኪያ የሚገባው በር የሚቆልፉት ጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። እዚያ ግን አይቆጥቡ። ለፍተሻ ተብሎ የበሩን ቁልፍ ለጊዜው እንዳይሠራ የሚያደርግ ማለፊያ ካደረጉ፣ ማለፊያው በመዝገብ ይያዝ፤ ፈታኙም ሳይመልሰው ከቦታው አይውጣ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ወሰን አለው። የቫሪያንሱ ስሌት ቱቦው ሕያው መሆኑን ይነግርዎታል እንጂ ትክክል እየለካ መሆኑን አይነግርዎትም። ለዚያ ዓመታዊው ካሊብሬሽን ይቀጥላል። በወር አንዴ የሚደረግ ፍተሻ ደግሞ በማግስቱ የሚሞተውን አያድንም፤ አውቶማቲክ ማንቂያው ያስፈለገው ለዚህ ነው። አዮናይዜሽን ቻምበር ካስገቡ ደግሞ ፐልስ ስለማይቆጥር እነዚህ ስሌቶች እንዳሉ አይሠሩለትም፤ ለእሱ ትንሽ የመፈተሻ ከረንት በየጊዜው የሚያስገባ ዑደት ይጠይቁ።

የብልሽት መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምሩ። «እንዴት ታወቀ?» ይበል፤ ራሱ ጮኾ፣ በፍተሻ፣ ወይስ በአጋጣሚ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከማንም ሰነድ የበለጠ የሚጠቅምዎት ቁጥር ከዚህ ዓምድ ይወጣል። በሚቀጥለው ግዢም አምራቹን ስለ ኤምቲቢኤፍ አይጠይቁት። ከብልሽቶቹ ስንቱን መለኪያው ራሱ እንደሚያውቅ፣ የቀረውን በምን ያህል ጊዜ ልዩነት መፈተን እንዳለብዎት፣ ከክልሉ በላይ ሲጋለጥም ምን እንደሚያሳይ ይጠይቁ። በጽሑፍ ካልመለሰ ዕቃውን ይለፉት።